«ጠብቋል» ማለት ስንት ነው?

ጎማ አስጠግናችሁ ሒሳብ ስትከፍሉ በመጨረሻ የምትጠይቁት ምንድን ነው? የኔ ጥያቄ ለዓመታት አንድ ነበር፤ «ጠብቋል አይደል?» መልሱም አንድ ነበር፤ «አታስቢ ማዘር፣ ጠብቋል!» (ማዘር የምባልበት ዕድሜ ላይ መድረስ አለመድረሴን ለሌላ ጊዜ እንተወው።) ጎሚስታው ይህን የሚለኝ የጎማ መፍቻው ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንድ ሁለቴ ነጠር ነጠር እያለ ነው። እሱ በነጠረ ቁጥር የኔ ልብ ይረጋል። ልጆች ይዤ ነዋ የምነዳው! ከላላ የጠበቀ ይሻላል ብዬ አምን ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ደርሰን ስንመለስ ይህ እምነቴ አለቀለት። ጫጫን አልፈን ሸኖ ሳንደርስ የኋላ ቀኝ ጎማችን ተነፈሰ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሆኗል። ባለቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ ቀርቷል። ከፊት እናቴ፣ ከኋላ ሁለቱ ልጆቼ ተቀምጠዋል። የዚያን አገር የጥር ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል። ግን አልደነገጥኩም፤ ጎማ መቀየር በዚሁ ዓምድ ላይ የጻፍኩት ነገር ነው። መኪናውን ከመንገድ አወጣሁ፣ ሦስት ማዕዘኑን አቆምኩ፣ እናቴንና ልጆቹን አስወርጄ ራቅ አደረግኋቸው። ክሪኩን ከማስገባቴ በፊት እንደ ደንቡ ዳዶዎቹን ላላ ላደርግ መፍቻውን አስገባሁ።

አንዱም ንቅንቅ አላለም።

በእጄ ሞከርኩ፣ በሁለት እጄ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ እንደ ጎሚስታው መፍቻው ላይ ወጣሁበት። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄም አገዘኝ። ጭራሽ መፍቻው እየሾለከ የዳዶውን ጠርዝ ሊበላው ሲጀምር ቆም አልኩ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ «ልጄ፣ ለምን ሰው አንጠራም?» ትላለች። ሰው ከየት ይጠራል? አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየን በኋላ እህል የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ አንዴ ሞከረና ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ይሄን ማነው ያሰረው? በጠላት እጅ ነው እንዴ የታሰረው?» አለኝ። ከመኪናው ረጅም የብረት ቱቦ አምጥቶ የመፍቻው እጀታ ላይ ሰካና ተጫነው። አንዱ እየጮኸ ተፈታ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማን። ዳዶው ከነብሎኑ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ።

ቪትዝ በየጎማው ያላት አራት ብሎን ብቻ ነው። በሦስት ዳዶ አስረን፣ እሱ ከኋላ እየተከተለኝ፣ በዝግታ ሸኖ ገባን። እዚያም ብሎን እስኪገኝ አደርን። በሦስት ዳዶ መንዳት ማንም የሚመክረው ነገር አይደለም፤ ሹፌሩም ይህን ደጋግሞ ነግሮኛል። የባሰው አማራጭ ግን ልጆችን ይዞ ሜዳ ላይ ማምሸት ነበር።

እንግዲህ የዚህ ወር ጨዋታችን ይኸው ነው። መኪናችሁ ውስጥ እያንዳንዱ ዋና ዋና ብሎን «ይህን ያህል ይጥበቅ» የሚል ቁጥር አለው። ፋብሪካው የሚያወጣው ይህ የማጥበቂያ ልክ ቶርክ ይባላል። ብዙዎቻችን ቁጥሩ መኖሩን አናውቅም፤ የምናውቀውም «ለፈረንጅ ነው» ብለን እንተወዋለን። እኔም ከሁለተኞቹ ነበርኩ።

መጀመሪያ ብሎን ምን እንደሚሠራ እንይ፤ እኔ ራሴ ተሳስቼ የኖርኩት እዚህ ላይ ነው። ብሎን እንደ ሚስማር ዝም ብሎ የሚይዝ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን ከክራር ጅማት ጋር ይቀራረባል። ዳዶው ሲዞር ብሎኑ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፣ ይወጠራል። የተወጠረ ነገር ወደ ቦታው ሊመለስ ይፈልጋል፤ ያ መመለስ መፈለጉ ነው ቸርኬውን ከጀርባው ካለው ብረት ጋር ጨምቆ የሚይዘው። መኪናችሁ ስትሮጥ፣ ስትዞርና ፍሬን ስትይዝ ጎማውን ቦታው ላይ የሚያቆየው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ይህ ጭመቃ ነው እንጂ የብሎኑ ውፍረት አይደለም።

ክራር ያለው ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ጅማቱ ከላላ ድምፅ የለም። ልኩ ላይ ሲደርስ ይዘምራል። ከልክ በላይ ሲወጠር ወይ ይበጠሳል፣ ወይ ተለጥጦ ይቀርና ከዚያ ወዲያ ቅኝቱን አይጠብቅም። ብሎንም እንዲሁ ነው። የላላ ከሆነ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ዳዶው እየተፈታ ብሎኑ እየታጠፈና እየተመለሰ ይደክማል፤ በመጨረሻ ጎማው ጥሎን ይሄዳል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ብሎኑ ተለጥጦ የመመለስ አቅሙን ያጣል። ከውጭ ሲያዩት ጠብቋል፣ ውስጡ ግን ሞቷል። ሸኖ አካባቢ እጃችን ላይ የቀረው ብሎን ምናልባት ከወራት በፊት፣ ያ ልጅ በነጠረበት ቀን የሞተ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ቪትዝ፣ ኮሮላና ሌሎችም ብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች ላይ የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ኒውተን ሜትር የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። በሌላ አነጋገር 10 ተኩል ኪሎ ገደማ ማለት ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 10 ተኩል ኪሎ ዕቃ ብታንጠለጥሉ ዳዶው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይኸው ነው። መፍቻው ባጠረ ቁጥር የሚያስፈልገው ክብደት ይጨምራል። መኪናችሁ ኋላ ያለችው አጭር መፍቻ 25 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ጫፏ ላይ 42 ኪሎ ያህል መጫን ይጠይቃል፤ ከግማሽ ኩንታል ጤፍ ትንሽ ያነሰ። ይህ አንድ ጤነኛ ሰው ቆሞ በእጁ ደህና አድርጎ ሲጫን የሚሰጠው ኃይል ነው።

ያ ልጅ ግን በእጁ አልነበረም፣ በእግሩ ነበር። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም ከ200 ኒውተን ሜትር በላይ ይሆናል፤ የፋብሪካው ልክ እጥፍ ነው። ቱቦ ሰክቶ መፍቻውን ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ቢያስረዝመው አራት እጥፍ ይገባል። ሲነጥርበት የሚጨምረውን አላሰብኩትም። የልጄን የሒሳብ ደብተር ተውሼ ይህን ስሠራ እውነት ለመናገር አፈርኩ። ለዓመታት «እንዲህ ነው የሚታሰረው!» እያልኩ ጉርሻ የሰጠሁት ለዚህ ነበር።

በአየር የሚሠራው «ትርርር» የሚለው መሣሪያስ? እሱ የሚያምር ነገር ነው፤ ለመፍታት። ለማጥበቅ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ማንም መጠኑን ሳይለካው ከሚፈለገው በላይ ይሄዳል። ጠንቃቃ ጋራዦች በእሱ አስጠግተው የመጨረሻዋን ማጥበቅ በልክ ጠቋሚው ይጨርሳሉ።

ይህን ሁሉ ለሠፈራችን መካኒክ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ለምንላቸው አባት ብነግራቸው ሳቁብኝ። አርባ ዓመት ከሞተር ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የኔ እጅ ራሱ ቶርክ ነው» አሉኝ። ላቃልልባቸው አልፈለግሁም፤ ልምድ ያለው እጅ ብዙ ያውቃል። ብሎን ሊበጠስ ሲል ልስልስ እንደሚል፣ ጥርሱ ሊበላ ሲል እንደሚከብድ እጃቸው ይሰማዋል፤ የኔ አይሰማውም። ግን ያን ጊዜ ቶርክ ሬንች ገዝቼ ነበርና «እንግዲያው እንሞክረው» አልኳቸው። የአንድ ጎማ አራቱን ዳዶ በእጃቸው አሰሩ። ከዚያ መሣሪያውን ከዝቅተኛ ቁጥር ጀምረን ከፍ እያደረግን ዳዶው መቼ እንደሚንቀሳቀስ አየን። ሁለቱ እሳቸው እንዳሉት ከልኩ ብዙም አልራቁም። አንደኛው 90 ሳይደርስ ዞረ። አራተኛው 130 ላይም አልነቃነቅም አለ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና «እንግዲህ እጅም ይደክማል» አሉ።

እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ የአራቱ አለመስማማት ነው። አንዱ ጎን አጥብቆ ሌላው አላልቶ ሲይዝ ቸርኬው በእኩል አይቀመጥም፤ ከኋላው ያለው የፍሬን ዲስክም በእኩል አይጨመቅም። ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ ከተንቀጠቀጠ አንዱ ሊጠረጠር የሚገባው ምክንያት ይህ ነው። ዲስክ ለማስላት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማው መጨረሻ ላይ የታሰረው በማን እጅ፣ እንዴት እንደነበር አስታውሱ። በክብ ተራ ሳይሆን በመስቀለኛ የሚታሰረውም ለዚሁ ነው፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። አምስት ብሎን ያላት መኪና ከሆነች የኮከብ ቅርጽ እንደምትስሉ ሆናችሁ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ማስነካት፣ ቀጥሎ ግማሽ ያህል ማጥበቅ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ደግሞ በልኩ መጨረስ።

ቶርክ ሬንች የሚባለው መሣሪያ እንቆቅልሽ የለውም። ረዘም ያለ መፍቻ ነው፤ እጀታው ላይ ቁጥር አለ፤ የፈለጋችሁት ቁጥር ላይ ታዞሩታላችሁ፤ ስታጠብቁ እዚያ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ካለ በቃ፣ ያበቃል። «ለማንኛውም» ብሎ አንድ ጊዜ መጨመር የሐበሻ ደግነት ነው፤ እዚህ ላይ አይሠራም። ሶማሌ ተራ የመሣሪያ ሱቆች ውስጥ ጠይቃችሁ ግዙ፤ ለጎማ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካው ይበቃል። ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ ላይ ሁለት ዓይነት ልኬት አለ፣ ኒውተን ሜትርና የእንግሊዞቹ ፉት ፓውንድ። 103ን በስህተት በፉት ፓውንድ ብታስሩት ወደ 140 ኒውተን ሜትር ይሆንባችኋል። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨምቆ ከከረመ ልኩን ይስታል። ለመፍታትም አትጠቀሙበት። የመፍቻ ሥራ ለመፍቻ።

ይህን መሣሪያ ፈለሰፈው የሚባለው ኮንራድ ባር የኒውዮርክ ከተማ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች በ1918 ነው ይባላል። የቧንቧ መጋጠሚያ ብሎኖችን ሠራተኞቹ ከመጠን በላይ እያጠበቁ ሲሰብሯቸው ጊዜ ነው አሉ ያሰበው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በሌላ አገርም ቢሆን መፍቻ ላይ የሚነጥሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ በሆነ መንገድ አጽናናኝ።

የእናንተ መኪና ቁጥር ስንት እንደሆነ የት ታገኛላችሁ? ከመኪናው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ። አውቃለሁ፤ የብዙዎቻችን መጽሐፍ ጃፓንኛ ነው፣ የአዲሶቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ቻይንኛ። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው። ስለ ጎማ መቀየር የሚያሳዩትን ሥዕሎች ፈልጉ፤ እዚያ ገጽ ላይ ላቲኑ ኤን እና ኤም ፊደል አጠገቡ የተጻፈበትን ቁጥር ታገኛላችሁ። መጽሐፉ ከሌለ የሞዴሉን ወኪል ጠይቁ። የጎረቤትን ቁጥር ግን አትዋሱ። ብዙ ፎልክስዋገኖች 120 ናቸው፤ ፒክአፖች ላይ እንዲያውም ለብረት ቸርኬና ለአሉሚኒየም ቸርኬ የተለያየ ቁጥር የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ኤሌክትሪኮቹ ካነሳሁ አይቀር፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ሠፈሩ ሁሉ በእነሱ ተሞልቷል። «ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ እኛ ከዚህ ጣጣ ወጥተናል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ከዘይቱ ወጥታችኋል፤ ከጎማው ግን አልወጣችሁም። በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ናቸው፤ ቪትዝ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ስትመዝን ከእነሱ መካከል ትልልቆቹ እጥፍ ይሆናሉ። ያን ሁሉ ክብደት በኮብልስቶን ላይ ተሸክሞ የሚዞረው ያው የጎማ ብሎን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጎሚስታ ቤት ስትቆሙ ተመልከቱ። አንዳንዱ ልጅ በደግነት «ወደፊት እንዳይቸግር» ብሎ ብሎኑን ግራሶ ይቀባዋል። መመሪያው ቅቡ ካላለ አታስቀቡ። ዳዶ ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት ብሎኑን የሚወጥረው ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው በጥርሱና በዳዶው መቀመጫ ላይ ባለው ሰበቃ ያልቃል። የፋብሪካው ቁጥር ያንን ደረቅ ሰበቃ አስቦ የወጣ ነው። ግራሶ ሰበቃውን ሲቀንሰው በዚያው 103 ላይ ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ መሣሪያው «ቀጭ» ብሎ እያለ ማለት ነው። በተቃራኒው ዝገትና ጭቃ ያለበት ጥርስ ጉልበታችሁን ይበላና ሳይወጠር «ቀጭ» ይልላችኋል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ጠረግ ማድረግ፣ ቸርኬው የሚቀመጥበትንም ብረት ማጽዳት ከቁጥሩ እኩል ነው።

ቸርኬ ያስቀየራችሁም አላችሁ፤ መኪናዋ አምራለች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዳዶዎቹስ? የአንዳንዱ ቸርኬ ቀዳዳ ሾጣጣ መቀመጫ ነው፣ የሌላው ጠፍጣፋ፣ የሌላው ክብ። የድሮውን ዳዶ በአዲሱ ቸርኬ ላይ ካሰራችሁና መቀመጫቸው ካልተጣጣመ የሚነካኩት በጠርዝ ብቻ ነው። ያኔ የትኛውም ቁጥር አያድናችሁም።

ሁሉንም ብሎን በልክ እሰሩ እያልኩ ነው? አይደለም። የታርጋ ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ ካለ ይበቃል። የኮፈን ውስጥ የፕላስቲክ ክዳኖችም እንዲሁ። እኔ የማልደራደረው ቢላላ ሰው የሚጎዳው ላይ፣ ቢጠብቅ ደግሞ ብዙ ብር የሚያስወጣው ላይ ነው። ጎማና ፍሬን የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከሁለተኞቹ የዘይት ማውረጃዋ ብሎን ትጠቀሳለች፤ በብዙ ቶዮታዎች ልኳ 38 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ የጎማውን ሲሶ ትንሽ ያለፈ። እሷን እንደ ጎማ ዳዶ አጥብቆ ያሰረ ልጅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ ከዚያ ዘይት ማንጠብጠብ፣ ከዚያ ኮፓ መቀየር። ካንዴላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ በእነዚሁ መኪኖች ከ18 እስከ 25። ይህ በእጅ አንጓ የሚታሰር ነገር ነው፣ በትከሻ አይደለም። ሞተር ከፍታችሁ ቴስታታ ካስወረዳችሁማ በግምት የሚያስር መካኒክ ጋ መኪናችሁን አትተዉ። የእሱ ብሎኖች በተራ፣ በደረጃ፣ መጨረሻም በ90 ዲግሪ እየተቆጠሩ የሚዞሩበት ሞተር ብዙ ነው፤ ጋርኒሲዮኑ በስድስት ወሩ ተመልሶ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ «ዕድሌ ነው» ስለምንል እንጂ ምክንያት ስለሌለው አይደለም።

ከታሰረ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። አዲስ የታሰረ ጎማ፣ በተለይ አሉሚኒየም ቸርኬ፣ ትንሽ ሲነዳ ይረጋጋል፤ ቀለሙና ብረቱ ሲቀማመጥ ውጥረቱ ሊቀንስ ይችላል። እኔ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ቤት በራፍ ላይ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ እንደገና በቶርክ ሬንቹ እነካካዋለሁ። አራት ጎማ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በትልልቅ መኪኖች ጎማ ዳዶ ላይ ቢጫ ቀስት የሚመስሉ ፕላስቲኮች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጌጥ አይደሉም፤ ዳዶው ከዞረ ቀስቱ አቅጣጫውን ስለሚስት ሹፌሩ ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ያውቃል። እኔ ቀስቱን አልገዛሁም፤ ከልጄ የጥፍር ቀለም ወስጄ ከዳዶው ወደ ቸርኬው የምትሻገር አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ። መስመሯ ከተቆረጠች ዳዶው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ቀዩ ቀለም ከሩቅ ይታያል። ልጄ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ላዟዙር እዚያው የድሮ ደንበኛዬ ጋ ሄድኩ። ልጁ ሲያስር መጨረሻ ላይ እግሩን ሊያነሳ ሲል «ቆይ» ብዬ መሣሪያዬን ሰጠሁት። መጀመሪያ ሳቀ። «ማዘር፣ ይሄማ ላልቷል!» አለኝ አንደኛዋ ቀጭ ስትል። የሸኖውን ነገርኩት፤ የተቆረጠውን ብሎን እስካሁን ዳሽ ቦርድ ውስጥ አስቀምጬዋለሁና አውጥቼ አሳየሁት። እጁ ላይ እያገላበጠ ብዙ አየው። ቀሪዎቹን አሥራ አምስት ዳዶዎች ድምፁን እየሰማ አሰራቸው፤ ጓደኛውንም ጠርቶ አሰማው።

ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ የሚኒባስ ሹፌር ቀርቦ ያያል። «ለኔም በሷ እሰርልኝ» አለው ልጁን። ልጁ መፍቻውን እንደያዘ እኔን አየኝ። ይህ ቁጥር የኔ መኪና ነው፣ ለሚኒባሱ አይሆንም አልኩት። «ታዲያ የኔ ስንት ነው?» አለ ሹፌሩ። ኪሱን ፈለገ፣ የበሩን ኪስ ፈለገ፣ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለመኪናው ባለቤት ሲደውል ሰማሁት። «ጋሼ፣ ከመኪናው ጋር የመጣችው መጽሐፍ እርስዎ ቤት ትኖራለች እንዴ?»